የጋሽ ከድር ሽቦ

ባለፈው ክረምት ብየዳ ቤቴ ውስጥ ቱቦላሬ ስበይድ ማሽኑን ድንገት ይተናነቀው ጀመር። ቀልጦ ብረቱን የሚያያይዘው ሽቦ ደህና ሲወጣ ዘይት ውስጥ እንደሚጠበስ ሥጋ ሳያቋርጥ ይንጫጫል፤ ሲያስቸግር ግን ሳል እንደያዘው ሰው ይቆራረጣል። ማስኬን ገለጥኩ። ጋሽ ከድር ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ከድር አሰላ ውስጥ ጎረቤታችን የሆኑ የብየዳ ሠራተኛ ነበሩ። የጢቾ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ላይ ኦሮምኛቸው ይደመጣል። ብየዳ ቤታቸውን ከቤታችን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለነበር ልጅነቴ የተቃጠለ ቀለምና የጋለ ብረት ይሸተኛል። የሰፈሩን ልጆች ሁሉ እያባረሩ እኔን ግን "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ሴት ልጄ ማለታቸው ነው። አሮጌ ማስክ አጥልቀውልኝ በርጩማ ላይ ያስቀምጡኛል። አባቴን አላውቀውም። ያን ቃል ለመስማት ብቻ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እመለስ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ የግቢ በር አዘዘቻቸው። በዚያ ሰሞን አንዲት ትንሽ ባለ ሽቦ ማሽን ገዝተው፣ ስስ ላሜራ ሳትበሳ ትበይዳለች እያሉ ይኮሩባት ነበር። በሩን ሲጀምሩ ግን ብየዳው አልያዝ አለ፤ አንዱ ጋ ያብጣል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል።

"ሽቦው እኩል አይመጣም" አሉ።

ሦስት ቀን ከማሽኗ ጋር ታገሉ። መጀመሪያ ሽቦውን የሚገፋውን መዘውር አጠበቁት፤ ሽቦው ሲጨማደድባቸው መልሰው አላሉት። የሽቦው ጥቅል ሲዞር እንዳይዝ ብሎኑን ነካኩት። ሽቦው የሚወጣበትን የመዳብ ጫፍ፣ ቀዳዳው ተበልቶ ስለነበር፣ በአዲስ ተኩት። በመጨረሻ ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ አውጥተው በአየር ቢነፉት ጥቁር የዝገት ብናኝ ተፋ።

"አገኘሁሽ!" ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። ቱቦውን እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርገው ዘረጉትና የበሩን ማጠፊያ መበየድ ጀመሩ። ማሽኗ አንዴም ሳትቆራረጥ ተንጫጫች።

ሲጨርሱ ማስኬን አነሳሁ። ብየዳው ወጥ ነበር፣ ያማረ። ግን ማጠፊያውን ስቶ ባዶ ላሜራ ላይ ተጋድሟል።

"እንዴት ነው፣ አምሯል?" አሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ ብረቱ አስጠግተው፣ በጣም አስጠግተው።

"ጋሼ፣ ሽቦው ደህና ነው" አልኳቸው። "እርስዎ ግን ማጠፊያውን ስተውታል።"

ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ያልተያያዘውን ክፍተት ሲያገኙት ጣታቸው እዚያው ቀረ። ከዚያ ማሽኗን አጠፉ።

"ሂጂ ቤት፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች።"

ኢንተላ ኮ አላሉኝም።

በሩን ሌላ ሰው ጨረሰው። ጋሽ ከድር ከዚያ ወዲህ አልበየዱም፤ ዓመት ሳይሞላ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳያቸው በሌላ መንገድ እዞር ነበር። እንጀራቸውን የነጠቅኳቸው እኔ መሰለኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስንት ጊዜ አስቤ፣ ሳልደፍር ለትምህርት ከከተማው ወጣሁ። ስመለስ በሕይወት አልደረስኩባቸውም።

ለቅሶ ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የሆነውን ሁሉ እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ዓይኑ መድከሙን እኔም አውቅ ነበር፣ ልጆቹም ያውቁ ነበር። ሁላችንም ፈርተን ዝም አልን። እሱ ግን፣ 'ያ በር ተነቅሎ ሰው ላይ ቢወድቅ አላህ ፊት ምን እመልስ ነበር? ያቺ ልጅ አዳነችኝ' ይል ነበር።"

እጄን አሁንም አልለቀቁም።

"መምጣት የተውሽው ለምን እንደሆነ ብቻ አልገባውም። አጥሩ ሥር የልጅ ኮቴ በሰማ ቁጥር ቀና ይል ነበር።"