እትዬ ዘሀራ እና ከአሰብ የመጣው ኤሲ

ወይዘሮ ዘሀራ አሊ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ኮምቦልቻ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል፤ በዕለቱም ከአስር ሰላት በኋላ ተቀብረዋል። የደጋን ሰዎች ደርሳችኋል። የቢስቲማ ዘመዶቻቸውና ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያላችሁ ወዳጆቻቸው ግን ወሬው ዘግይቶባችሁ ለአፈሩ አልበቃችሁም። ለሰደቃው ስትሰበሰቡ የሚነበብ ነገር እንዳዘጋጅ የሰፈራችን እድር፣ ቅሬያችን፣ አዞኛል። እኔ ብርቄ ነኝ፤ የቅሬው ጸሐፊ፣ ከእትዬ ዘሀራ ጋር ግድግዳ የምጋራ ጎረቤት፣ በሙያዬ ልብስ ሰፊ። እርሳቸው ሙገሳ ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞሩ ስለነበር ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

እትዬ ዘሀራ ተወልደው ያደጉት ቢስቲማ ነው። ገና በለጋነታቸው ከጋሽ ሰይድ ጋር ተጋብተው አሰብ ወረዱ። ጋሽ ሰይድ እዚያ የማቀዝቀዣ መካኒክ ነበሩ። አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ኤሲ ሲተክሉ ወድቀው አንገታቸው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ እጅም እግርም አልታዘዝ አላቸው። አንደበታቸውና አእምሯቸው ግን ምንም አልሆነ። ጉዳቱ ሌላ ጣጣም ይዞ መጣ፤ ሰውነታቸው ማላብ አቆመ። እኛን ሲሞቀን አልቦን ይወጣልናል፤ በእርሳቸው ላይ ግን ሙቀቱ እየተጠራቀመ ትኩሳት ይሆናል። ሐኪሙ ለእትዬ ዘሀራ «ከሙቀት ጠብቂው፤ ሙቀት ይገድለዋል» ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል።

የእኛ ሰው ከአሰብ ተነቅሎ ሲወጣ ሌላው ፍራሽና ሣጥን ሲጭን፣ እትዬ ዘሀራ ባላቸውን፣ የባላቸውን የመሣሪያ ሣጥንና አንድ የመስኮት ኤሲ ጭነው መጡ። መጀመሪያ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ዘመድ ዘንድ አረፉ። የደሴ ብርድ ደግሞ የጋሽ ሰይድን ሳንባ ያዘውና ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ኤሲውን መስኮት ላይ ሲያስገጥሙ ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ በኮምቦልቻ አየር እንዲህ ያለ ነገር ቅንጦት መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን ከሰማሁ በኋላ ግን የሚስቅ ሰው ሳይ የምናገረውን የሰማ ያውቀዋል።

እትዬ ዘሀራ ከሰላት በኋላ የማይተዉት አንድ ዱዓ ነበራቸው። «ያረቢ፣ እሱን አስቀድምልኝ» ይሉ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ተቆጣሁ፤ ሚስት ለባሏ ሞት ትለምናለች ወይ አልኳቸው። እርሳቸውም እጄን ይዘው «ብርቄዋ፣ እኔ ከቀደምሁ ማን ያገላብጠዋል? ማንስ ጨርቅ ያረጥብለታል? ወላሂ፣ እሱን ሳልቀብር መሞት አልችልም» አሉኝ። የሕይወታቸው ሥራ ይኸው ነበር። ባላቸው እንዲቀድም እየለመኑ፣ እንዳይቀድም ደግሞ ሌት ተቀን ይታገሉ ነበር።

በአንድ ግንቦት፣ ፀሐዩ ጣሪያውን በሚያነድበት ሰዓት፣ ኤሲው መንፋቱን ሳይተው ማቀዝቀዙን ተወ። ጋሽ ሰይድ ከአልጋቸው ሆነው ድምፁን አዳመጡ። «ማራገቢያው ደህና ነው። ኮምፕሬሰሩ ሊነሳ ይቃጣና ይተዋል» አሉ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ካፓሲተር አስለወጡ፤ አልተነሳም። ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ተቃጥሏል። በከተማው ይህን ሥራ የሚያውቀው ሰው ለሥራ አፋር ወርዶ ነበር፤ መቼ እንደሚመለስ ቤተሰቡም አያውቅም። ሌላ ሰው እንፈልግ ስላቸው እትዬ ዘሀራ ነጠላቸውን አጣፉና «መካኒኩማ ይኸው ተኝቷል። የጎደለው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ እኔ አለኝ» አሉ።

በማግስቱ ደሴ ወጥተው፣ ቧንቧ ውሃ ካለ አንድ የፍሪጅ ጠጋኝ ከተመሳሳይ ኤሲ የተፈታ ኮምፕሬሰር አገኙ። ሲመለሱ የመኪናው ረዳት ጣሪያ ላይ ልወርውረው አላቸው። እርሳቸው መቼ እሺ ብለው! ያን የሚያህል ብረት በነጠላ አዝለው ገቡ። «ልጄ ነው፤ ጣሪያ ላይ አይወጣም» አሉት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ የቱቦው መድፈኛ ወልቆ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ጀርባቸው ላይ ተንቆረቆረ። እትዬ ዘሀራ ግን ኋላቸው ከተቀመጠች ባለጀሪካን ሴት የፈሰሰ መስሏቸው እስከ ኮምቦልቻ ሲጨቃጨቁ መጡ። ቤት ገብተው ነጠላውን ሲፈቱ ጋሽ ሰይድ አዩና «ኧረ ዘሀራ! ደሙን አፍስሰሽ ሬሳውን አመጣሽልኝ?» ብለው ከነትኩሳታቸው ሳቁ። እትዬ ዘሀራ ግን አልሳቁም። ለማያውቋት ሴትዮ ይቅርታ የሚያደርስላቸው ሰው ሲፈልጉ ዋሉ።

ትክክለኛው ዘይት ከደሴ እስኪላክ መጠበቅ ግድ ሆነ። በመሃል ጋሽ ሰይድ እየጋሉ ሄዱ። እንደ አገራችን ወግ ጠያቂው ክፍሉን ሞላው፤ ሁሉም ከንፈሩን እየመጠጠ ትንፋሹን ይጨምርበታል። እትዬ ዘሀራ በሩ ላይ ቆሙና «ጠያቂ ሁሉ አላህ ይስጠው፤ ግን በመስኮት ይጠይቀን» ብለው ሰውን ሁሉ አስወጡ። ታመመ ብሎ የመጣን ሰው ከደጅ መመለስ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የተቀየሙ ነበሩ። እርሳቸው ግን ማንም እንዲወዳቸው ብለው የባላቸውን አየር አላካፈሉም።

ዘይቱ እንደ ደረሰ፣ ማለዳ፣ አልጋውን ተሸክመን ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር አወጣነው። ኤሲው ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛዬ ላይ ተዘረጋ። ጋሽ ሰይድ ይናገራሉ፣ እትዬ ዘሀራ ይሠራሉ፣ እኔ የተባልኩትን አቀብላለሁ። ዘይቱ ተለክቶ ተሞላ። ካፓሲተሩ ጋ ሲደርሱ «ሳትገድይው እንዳትነኪው፤ መብራት ባይኖርም ይይዛል» አሏቸው ጋሽ ሰይድ፤ እትዬ ዘሀራም እጀታው ፕላስቲክ በሆነ መፍቻ ጫፎቹን አገናኝተው የያዘውን ኤሌክትሪክ አጠፉት። ከዚያ አሮጌውን ኮምፕሬሰር አውጥተው አዲሱን በጎማዎቹ ላይ አስቀመጡ። መዳብ መበየዱን አስቀድመው በቁርጥራጭ ቱቦ ተለማምደውት ነበር። ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን እንኳ ማዞር ሳይችሉ በዓይናቸው ጥግ ቱቦውን እያዩ «ገና ነው... ገና... አሁን ቀላ! የመበየጃውን ዘንግ አስነኪው!» ይላሉ።

ሲያልቅ ቱቦው ውስጥ አየር ሞልተው መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀቡት። አረፋው ተነፋ፤ መጋጠሚያው ያፈሳል ማለት ነው። እንደገና ቢሞክሩም ተነፋ። ፀሐዩ ደግሞ ማንጎውን አልፎ አልጋው እግር ደርሷል፤ የጋሽ ሰይድ ምላስ መተሳሰር ጀምሯል። እትዬ ዘሀራ መበየጃውን አስቀምጠው መሬት ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «ገደልሁት፣ ብርቄ። በገዛ እጄ ገደልሁት» አሉኝ። የመለሱት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ቃሉ እየተጎተተባቸው «ዘሀራ፣ አብሽሪ። እኔም ስለምድ ሥራዬ ሁሉ ያፈስ ነበር። ቱቦውን በደንብ ፈግፍጊው፤ ቆሽሾ ነው እንጂ እጅሽ ምንም አልሆነ» አሉ።

እትዬ ዘሀራ በቀሚሳቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠርገው ተነሱ። ቱቦውን እስኪያብረቀርቅ ፈገፈጉት። በዚህኛው ጊዜ አረፋው ዝም አለ። በሣጥኑ ውስጥ በነበረው የፍሪጅ ሞተር የቱቦውን አየር መጠጡ፤ ጋዝ ሞሉ፤ ማሽኑን አስነሱ። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«ቱቦው አላበው?» ብለው ጠየቁ።

እትዬ ዘሀራ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ቱቦው በርዶ ውሃ አቀርሯል። «አልቦታል፣ ሰይድ። ወላሂ አልቦታል!»

«እሱ ይላበው እንጂ የእኔስ ይቅር» አሉ ጋሽ ሰይድ። ጠያቂውም ተቀያሚውም አብሮ ኤሲውን መስኮቱ ላይ መለሰው፤ ወደ ማታ ትኩሳቱ በረደ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ግንቦት አለፈ። እትዬ ዘሀራ በሽተኛ ጠባቂ ሆነው አልቀሩም። ሙቀቱ በበረታ ቀን የአራስ ልጅ ቤታቸው እየተላከ ከጋሽ ሰይድ አልጋ አጠገብ ይተኛ ነበር፤ የእኔም የመጨረሻዋ ልጅ እዚያ ተኝታለች። ፍሪጅ የተበላሸባት ሴት መጀመሪያ የምታንኳኳው የእርሳቸውን በር ነበር። ሠርተው ሲጨርሱ ምስጋናውን ወደ አልጋው ይመልሱት ነበር። «የሠራው እሱ ነው» ይሉ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ሱብሂ ሰግደው መስገጃው ላይ እንደተቀመጡ ሄዱ። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። ዱዓቸው አልደረሰም፤ ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ከቀብር ስንመለስ ጋሽ ሰይድ ግድግዳውን እያዩ «አጥፉት» አሉን። መጀመሪያ አልገባንም። «ኤሲውን አጥፉት። አስከትሉኝ» አሉ። እህልም ውሃም እምቢ አሉ። ኤሲውን አላጠፋሁም። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ ተቆጣኋቸው፤ እትዬ የለፉበትን በእኔ እጅ አያስጠፉም አልኳቸው።

እትዬ ዘሀራ፣ የቀረውን ለእርስዎ ልንገርዎ። ሰውየው እስከ ትናንት ቃል አልተነፈሱም። ውሃውንም በጠብታ ነው ያስዋጥናቸው። ትናንት ከቀትር በኋላ ጨርቅ ሳረጥብላቸው ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱና «ብርቄ፣ የአየሩ ማጣሪያ አቧራ ይዟል። ድምፁ ከብዷል። አውልቂና እጠቢው፤ አደራ፣ ሳይደርቅ እንዳትመልሽው» አሉኝ። ሮጬ ወጣሁ። ቧንቧው ሥር አጥቤው፣ ጥላ ላይ አድርቄው፣ እሳቸው እንዳሉኝ አድርጌ መለስኩት። ከዚያ ሾርባ ጠጡ። ይህን ስጽፍ ተኝተዋል፤ ግንባራቸውን ነክቼዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው። ደህና ይረፉ፣ እትዬ።