ጋቢ የለበሰው ቡና

ከማስተምርባት ከሆመቾ ይዘውኝ ሆሳዕና ከተማ እስር ቤት ሲያደርሱኝ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን እንደነበረ አፍንጫዬ ነገረኝ፤ የበርበሬው ብናኝ ከግድግዳው አልወጣም። ገና ሳልቀመጥ አከታትዬ አስነጠስኩ። እስረኞቹ ሳቁ። «አይዞህ፣ ሁላችንም እንደዚሁ እያስነጠስን ነው የገባነው» አለኝ አንዱ።

ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ከዘጋ በኋላ ሰዎች ቤቴ እየመጡ ይጸልያሉ ተብዬ ነው የተያዝኩት። እውነት ነበር። መርማሪዎቹ እየገረፉ የሚጠይቁኝ ጸሎቱን የሚመሩትን ሰው ስም ነው። እኚያ ሰው ደግሞ እዚያው ክፍል፣ ጥግ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እሳቸውን ያሰሯቸው በስብሰባ ላይ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ተናግረዋል ብለው ነው፤ የጸሎቱን ጉዳይ ከእኔ በቀር እዚያ የሚያውቅ አልነበረም። ጋሼ ነው የምላቸው። ያን ሌሊት ጋቢያቸውን አካፈሉኝ።

ታኅሣሥ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ለሽንት ወጥተን ስንመለስ ቀና ብዬ አየሁና «ዛሬ ውርጭ ይጥላል» አልኩ። ለራሴ ነበር ያልኩት። ዘበኛው ሰምቶ ለአዛዡ ነገረው፤ ወዲያው ተጠራሁ።

አዛዡ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሻምበል ነው። ግቢውን የልማት ምሳሌ አደርጋለሁ ብሎ የቡና ችግኝና እንሰት አስተክሏል፤ ከበላይ አካል እንግዶች ሊመጡበት ነው።

«ውርጭ እንደሚጥል ማን ነገረህ?»

«ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋሱም ቆሟል፣ ጓድ ሻምበል።»

«ከውጭ ሰው ጋር ትገናኛለህ?»

ሰማይ ለማየት የውጭ ሰው አያስፈልግም ልለው አሰብኩና ዋጥኩት። ያም ሆኖ ተክሉ አሳስቦታልና ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። በእኛ አገር እንደሚደረገው የቡናውን ችግኝ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ በቃጫ አሰርኩ፤ ትንንሾቹን እንሰቶች ደግሞ የገዛ ቅጠላቸውን ወደ ላይ ሰብስቤ ቋጠርኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ እሸፍናለሁ፣ ረፋድ ላይ እገልጣለሁ።

አንድ ማታ አዛዡ እዚያው ችግኞቹ አጠገብ ሻይ አስመጣልኝ። «ስሙን ንገረኝና ነገ ቤትህ ግባ» አለኝ። ሻዩን ጠጣሁ፤ በርዶኝ ነበር። ስሙን አልነገርኩትም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ወሬው ቆመ። ጋሼ በበሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ ሲያዩኝ ኖሯል።

«መምህር፣ እዚያ ምንድነው የምትሠራው?»

«ችግኝ አለብሳለሁ።»

«ችግኝ ለማልበስ ሻይ ይጠጣል?»

ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ሄዱ። ከግርፋቱ ይልቅ ያመመኝ ይህ ነው። ልማል ብልስ ማን ያምነኛል?

አዛዡም አላመነኝም። በማግሥቱ ሸፍኜ ስጨርስ መጥቶ ችግኞቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ። በዚህ አገር ቅቤውም ቂጣውም በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ እንደሚላክ ያውቃል፤ እስር ቤቱ በር ላይ በየቀኑ የሚያስፈትሸው እሱ ነው። «ምን ደብቀህበታል?» አለ። ወታደሮቹ ሁሉንም ፈቱ። ከቡና ቅጠል በቀር የተገኘ ነገር የለም። መልሼ ልሸፍን ስለው ከለከለኝ። ደረቁን ቅጠል ዘበኞቹ እሳት አንድደው ሞቁት።

ግቢው ነጭ ሆኖ ነጋ። ተሰልፈን ስንወጣ አዛዡ ችግኞቹ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ይሄ አሻጥር ነው! ወይ ጸሎት የሚመራውን ሰው ስም ትናገራለህ፣ ወይ በአሻጥር ትጠየቃለህ።»

ጋሼ ከሰልፉ ውስጥ አፍጥጠው ያዩኛል።

«የምናገረው ስም የለኝም» አልኩ። «ግን ፀሐይ ሳትወጣ ይሸፈኑ። ውርጭ ያረፈበት ቅጠል ፀሐይ ድንገት ካረፈችበት ጨርሶ ይቃጠላል።»

መልሱን አልጠበቅኩም። ኮቴን አውልቄ አጠገቤ ያለውን ቡና አለበስኩት፤ ችግኙ ምን አጠፋ? ዘበኛው ጠመንጃውን አቀባበለ። ያኔ ጋሼ ከሰልፉ ወጡ። በዝግታ መጥተው ጋቢያቸውን አወረዱና ከጎኑ ያለውን ቡና ሸፈኑ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ ተመልሰው ቦታቸው ቆሙ።

በኋላ የደረሰብኝን እዚህ አልጽፈውም። ኮቱም ጋቢውም አልተመለሱልንም። ማታ ግን ጋሼ ምንጣፋቸውን አምጥተው አጠገቤ አነጠፉ፤ ብርዱን ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን አሳለፍነው። ስለ ሻዩ አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም።

ዛሬ ያ ግቢ መሥሪያ ቤት ሆኗል፤ ደጃፉ ላይ ባጃጆች ይሰለፋሉ። በዚያ ሳልፍ አጥሩ ሥር ቡና አያለሁ፤ ያኔ ያለበስነው ይሁን ሌላ አላውቅም። እስከ አሁን ሰው ሻይ ሲጋብዘኝ ማን እያየኝ ይሆን ብዬ ዞር ዞር ማለቴ አልቀረም። ታኅሣሥ ሲገባ ጓሮዬን ስሸፍን ባለቤቴ «ኮትህን ደግሞ እንዳታለብሰው» እያለች ትስቅብኛለች።

ጓሮዬ ውስጥ ካሉት ቡናዎች ትልቁን ያመጡልኝ ጋሼ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረው። ከእኔ ዘግይተው ተፈቱና አንድ ቀን ሆመቾ ቤቴ መጡ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ችግኝ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ፍታውና እይ፣ መምህር» አሉኝ። «ምንም አልደበቅኩበትም።»

ልስቅ ብዬ አለቀስኩ።