የአንድ እግር ሂና

ጦርነቱ ገና ሳይመጣ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔና ልጄ። እኔ ካፉሪ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስለምሠራ ጠዋት ወጥቼ አመሻሽ ላይ ነው የምገባው። አንድ ቀን ስገባ ልጄ ተሸፋፍና ተኝታለች። ግንባሯን ብነካው ይፋጃል።

«ምንሽን ነው?»

«እዚህ ጋ፣ ዩማ» አለችኝ። እዚያው ስለተወለደች እናቷን እንደ ሱዳኖቹ ነው የምትጠራኝ። እጇን ብሽሽቷ ላይ አደረገች። ብዳብሰው እንደ ቴምር ያበጠ ጠጣር ነገር አለ።

ንፍፊት ነው። እሱንማ አውቀዋለሁ። እኛ ወሎ፣ ልጅ ንፍፊት ሲወጣበት እናቶች ንፍፊቱን ትተው እግሩን ነው የሚያገላብጡት፤ እሾህ ይፈልጋሉ። እኔም ቀኝ እግሯን ገለጥኩ። ገለጥኩና ሌላ ነገር አየሁ። ውስጥ እግሯ በሂና ጠቁሯል።

ካርቱም ያላገባች ልጅ እግሯን ሂና አትቀባም። የባለ ትዳር ነው። አገሬ እኔ ራሴ በልጅነቴ እንሶስላ ሞቄ ነው ያደግሁት፤ ማንም ምን ሆንሽ ያለኝ የለም። ግን የሰው ቤት ሳጸዳ ስኖር የእነሱን ሕግ የራሴ አድርጌው ኖሯል። እብጠቱ ብሽሽቷ ላይ፣ ሂናው እግሯ ላይ። ሁለቱን አገናኘኋቸው። እሾህ መፈለጉን ተውኩት።

«ማን ነው?» አልኳት።

«ማን?»

«ባልሽ ነዋ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። «ባል ቢኖረኝ ዩማ፣ ካንቺ ጋር አንድ አልጋ ላይ ስጋፋ እገኝ ነበር?»

ሳቋ አናደደኝ። እናት ለልጇ የማትለውን ቃል ተናገርኳት፤ እዚህም አልጽፈውም። «ጎረቤታችን ሐጃዋ ናቸው የቀቡኝ፣ እግሬን...» ስትል አላስጨረስኳትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጠዋት ትኩሳቱ ብሶባት ትቃዥ ጀመር። ሐኪም ቤት ከበራችን ብዙም አይርቅም። እዚያ አልወሰድኳትም። እዚያ የምታጸዳዋ ሴት የአገሬ ልጅ ስለሆነች፣ ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈር ይገባል ብዬ ፈራሁ። ሂናውን በካልሲ ሸፍኜ፣ ሃፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ተሳፍረን፣ ወርደን ሌላ ሃፍላ ይዘን፣ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ሶባ ሐኪም ቤት ሄድን። መኪናው ባነጠራት ቁጥር ጥርሷን ስትነክስ ይሰማኛል። ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬም ፈራሁ። የትኛው ይበልጥ እንደነበር ዛሬም ደፍሬ አልናገርም።

ሐኪሟ ወጣት ሱዳናዊት ናት። ምንም ሳትጠይቀኝ «አላገባችም» አልኳት።

«ማን አገባች አለሽ፣ ያ ኻልታ?» አለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ካልሲዎቹን አውልቃ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አደረገቻቸው። «ለመሆኑ ሙሽራ አንድ እግሯን ብቻ ትቀባለች?»

ግራ እግሯ ንጹሕ ነው። ካልሲ ሳለብሳት እንኳ አላየሁትም፤ የተጣደፍኩት ለመሸፈን ነበር። በቀኙ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ ከሂናው ውስጥ የተቆረጠ ቁስል መግል ይዟል። ቆርቆሮ ረግጣ ኖሯል፤ ሐጃዋም ያደርቅልሻል ብለው ነው የቀቧት። ከቁስሉ ተነስቶ ቀይ ክር የመሰለ መስመር ወደ ጉልበቷ ወጥቷል።

«ደም ሥሯ ነው?» አልኳት ሐኪሟን።

«የደም ሥር ጎረቤት ነው» አለችኝና እኔ በሚገባኝ አነጋገር አስረዳችኝ። ደምን ልብ ትገፋዋለች፤ በአንዱ ሥር ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል። ሲያልፍ ግን ከቀጫጭኖቹ ሥሮች ውሃው እየሾለከ ሥጋ ውስጥ ይቀራል። ያንን ለቃቅመው ወደ ደም የሚመልሱ ሌሎች መስመሮች አሉ። እንደ ደም የምትገፋላቸው ልብ የለቻቸውም፤ ራሳቸው ቀስ እያሉ ይኮማተራሉ፣ ሥጋውም ሲንቀሳቀስ እንደታጠበ ልብስ ይጨምቃቸዋል። የወጣው እንዳይመለስ በየመሃሉ በር አላቸው። መንገዱ ላይ ደግሞ ከቁስል የመጣውን ቆሻሻ የሚይዙ እጢዎች ዘብ ቆመዋል።

«ያበጠው ዘቡ ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነው» አለችኝ። «እናንተ ግን ለምን ዘገያችሁ?»

«ሃፍላ ጠፍቶ» አልኩ።

ልጄ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

ትኩሳቷ እስኪበርድ መርፌ እየወጉ አስተኟት። ሲለቁን እግሯን ከፍ አድርጋ እንድትቀመጥ ነገሩን። ሃፍላ ውስጥ ምን ከፍታ አለ፤ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት። ፋሻው ጣቶቿ ላይ ነው፤ ተረከዟ እንደጠቆረ ወደ ሰው ዞሯል። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች ሴት አየችውና «መብሩክ፣ ያ ዐሩሳ» አለች፤ ሙሽሪት፣ እንኳን ደስ ያለሽ።

ልሸፍነው የተከናነብኩትን የቶቤን ጫፍ ይዣለሁ። ልጄ ሐኪሟ ፊት እንዳየችኝ አድርጋ አየችኝ።

ጨርቁን ለቀቅኩት። «አላገባችም። ቆርቆሮ ቆርጧት ነው፤ እኔ እናቷ ዘግይቼባት ነው» አልኩ።

ሴትየዋ «አላህ ያሽራት» አለች። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እግሯን ግን ከጭኔ አላነሳችውም።