የላባው ምላጭ

ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን «ላባው» የምንለው እጁ ስለሚቀል ነው። ባለ እጀታውን ምላጭ የቆዳ ጠፍር ላይ ስሎ ጢም ሲላጭ፣ ምላጩ መንካቱም አይታወቅም። እኔ ከሱቁ ጎን ሰዓት እጠግናለሁ። ሰውን ቶሎ ማድነቅ አይሆንልኝም፤ እሱን ግን አደንቀዋለሁ።

እንቅርቱን በቀዶ ጥገና ያስወጣ ጊዜ፣ «የሰው አንገት ይዤ ኖሬ፣ ዛሬ የኔን ያዙልኝ» እያለ ያስቀን ነበር። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ከእንቅርቱ ጀርባ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ዕጢዎች አሉ፤ የደማችንን ካልሲየም የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የእሱ ዕጢዎች ሰነፉ። ካልሲየሙ ሲወርድ ከንፈሩን ይነዝረዋል፣ ጣቶቹም ይኮማተራሉ። ለዚህ የካልሲየም ክኒንና ልዩ የቫይታሚን ዲ እንክብል ታዘዘለት፤ እነሱን ሲውጥ እጁ እንደ ድሮው ሆነ።

ጣጣው የመጣው በምክር ነው። አንዱ ደንበኛ እየተላጨ፣ «ቫይታሚን ዲ እኮ ፀሐይ ላይ በነፃ ሞልቷል፤ ምን እንክብል ያስውጥሃል?» አለው። ፀጉር ቤት ምክር መች ይጠፋል! ላባውም ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ መላጨት ጀመረ፤ እንክብሉን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

«ጠቆርክ እንጂ አልዳንክም» ስለው፣ «አንቺ ሰዓትሽን ጠግኚ» አለኝ።

አንድ ረፋድ ደንበኛውን ጡረተኛ ሹፌር እየላጨ ሳለ እጁ ምላጩን እንደያዘ ድርቅ አለ። ጣቶቹ አልፈታ አሉ። ምላጩ ያለው የሽማግሌው ጉሮሮ ላይ ነው! የያዝኩትን ሰዓት ጥዬ ተነሳሁ። ላባው ግን አልጮኸም። በሌላው እጁ ክንዱን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበና፣ «ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ... በቃ፣ አሁን ይነሱ» አለ። ሹፌሩ ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደሆነ ሄዱ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ደክሞኝ ነው» ብሎ ይሸፋፍነው ነበር። እሱ የዚያኑ ቀን ምላጩን አጥቦ ቆለፈበት፤ ለመጣው ሁሉ ሳያፍር፣ «እጄ አይታመንም። ፀጉር በማሽን እቆርጣለሁ፣ ጢም አልላጭም» አለ። ግማሹ ደንበኛ ማዶ ወዳለው ሱቅ ሄደ። ያለ ምላጩ ላባው ምኑን ላባው ሆነ? አንጀቴን በላኝ።

እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ የደሙን ውጤት አይታ ተቆጣች። ቀጥላ ሥራውን ጠየቀችውና በገዛ ሥራው አስረዳችው።

«ፀሐይ የምትሰጥዎት ቫይታሚን ያልተሳለ ምላጭ ነው። የሚስለው ኩላሊትዎ ነው፤ ‹ሥራ› ብሎ የሚያዘው ደግሞ የሰነፈው ዕጢ። አዛዡ ዝም ሲል ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይሄ እንክብል ግን ተስሎ ያለቀ ነው።»

«ታዲያ እጥፍ አድርጌ ልዋጠዋ!»

«ኧረ በስመ አብ! ካልሲየምዎ ከልክ ካለፈ ኩላሊትዎን ይጎዳል። በልኩ ይውጣሉ፣ ደምዎን እየመጡ ይመረመራሉ።»

ከዚያ ወዲህ ቁርሱን ይረሳ እንደሆነ እንጂ እንክብሉን አይረሳም። እጁ ሲመለስም ዘሎ የሰው ጢም አልነካም። ፊኛ ነፍቶ፣ አረፋ ቀብቶ፣ እንደ ሥራው ጀማሪ እሱን መላጨት ያዘ። መንገደኛው ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል፤ ፊኛው ግን አንድም ቀን አልፈነዳም። ቀጥሎ በመስተዋት እያየ የራሱን አንገት ጠባሳው ድረስ ላጨ። ያን ሁሉ አይቶም ደፍሮ የሚቀመጥለት ጠፋ። እኔ ጢም የለኝም እንጂ ቀድሜ እቀመጥለት ነበር። እሱም ማንንም አልለመነም።

አንድ ማለዳ ሹፌሩ ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ፀጉር ቤት አልረገጡም፤ ጢማቸው ደረታቸው ጋ ደርሷል። ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«በል፣ የጀመርከውን ጨርስ።»

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ እጄ...»

«እጅህ ከድቶሃል፤ አንተ ግን አልከዳኸኝም። ይልቅ አረፋውን ቀባ።»

ላባው ምላጩን አነሳ። ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምላጩ ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ እኔ በሩ ላይ ትንፋሼን ውጬ ቆሜያለሁ። እሳቸው ያንኮራፋሉ።