«በቅቷል» የተባለው ማሰሪያ

ሰው ሰምቶ ከሳቀ፣ ገብቶታል ማለት ነው ወይስ አይደለም? ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልቻልኩም። የቡሬው መካኒክ፣ አጎቴ አቶ ድረስ፣ ባለፈው ሳምንት ማረፋቸውን ሰምታችኋል። ከቀብራቸው የቀራችሁት ለምን እንደቀራችሁም አውቃለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ልጻፍላችሁ።

አቶ ድረስ የጭነት መኪና የናፍጣ ታንክ የሚያርፍባቸውን ተሸካሚ ብረቶችና ማሰሪያዎች በመቀየር የታወቁ ነበሩ። ብረትን ከብረት አያገናኙም፤ ካሮጌ ጎማ ቆርጠው በመካከሉ ያነጥፋሉ። «ታንኩ እንዳይታሽ ነው» ይሉ ነበር። ልጅ ከወለድኩ በኋላ ፊደል ስቆጥር ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅብኝ፣ ልጄን የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። «አንቺ ክፍልሽ ግቢ። እኔና እሷ ጎማ እንቆርጣለን።»

አንድ ነገራቸው ግን ያናድደኝ ነበር። ለትልቅ ሰው በቀጥታ አይናገሩም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በበቆሎ ጭነት ወቅት፣ አንድ ባለመኪና ሾፌሩን ውቤን ይዞ መጣ። ሀገሩ ሁሉ «እርስዎ» የሚለው ሰው ነበር፤ በዚህ ጽሑፌ ግን እኔ አላከብረውም። ውቤ ከጭነቱ ላይ ወጥቶ ሸራ ያስራል። እኔ ምሳ ይዤ ቆሜያለሁ። አጎቴ ከታንኩ ሥር ወጡ፤ የኋላው ማሰሪያ ተሰንጥቋል።

«ጌታዬ፣ ይሄ ማሰሪያ እንኳ በቅቷል» አሉ።

ለሥራው ይመጥናል ማለትም ይሆናል፤ አገልግሎ ጨርሷል ማለትም ይሆናል። ባለመኪናው ከት ብሎ ሳቀ።

«ምነው እኔም እንደሱ በበቃሁ» አለና ወደ ላይ ተጣራ። «ውቤ፣ ውረድና ተነሳ። ደህና ነው ብለዋል።»

«ባይሆን አድሮ ነገ...» አሉ አጎቴ። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር።

ፍኖተ ሰላምን አልፎ ጅጋ ሳይደርስ ታንኩ ወደቀ፤ አስፋልቱ ላይ እየተጎተተ እሳት አስነሳ። ውቤ አንድ እግሩን አጣ።

ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ባለመኪናው «በቅቷል ብለውኛል» ብሎ ማለ። አልዋሸም። አጎቴም ተጠይቀው «ብያለሁ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ ወዲህ ሾፌሮች በደጃቸው ሳይቆሙ ያልፉ ጀመር።

ቤት ስንገባ «ለምን አላስረዱም?» አልኳቸው።

«ባለመኪናው ውቤን በራሱ ወፍጮ ቤት ዘበኛ አድርጎታል። ይህን ከሰማ አንድ ቀን እዚያ አያድርም። እንጀራውን አታስጥዪው ልጄ። እኔ ሁለት እግር አለኝ።»

ለውቤ እንዳልነግረው ቃል አስያዙኝ። ውቤ በክራንች ሲያልፍ ሰላም አይላቸውም፤ እሳቸው ተነስተው እጅ ይነሳሉ። ወፍጮ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ እንኳ «አሁንስ ልንገረው?» ብዬ ስጠይቃቸው «ተይው፣ አርጅተናል» አሉኝ።

በሰልስታቸው ዕለት ውቤ ቤት ሄጄ ነገርኩት። በክራንቹ ጫፍ መሬቱን ሲጭር ቆየ።

«በቅቷል ሲሉት ነው የሳቀው?»

«አዎ።»

«ሳቁን ሰምቼዋለሁ እቴ» አለ። «ከላይ ሆኜ። ጨዋታ መስሎኝ እኔም ሳቅሁ።»

አጎቴ ሆይ፣ ያስያዙኝን ቃል አፈረስኩ። ውቤ ለአርባዎ እመጣለሁ ብሏል፤ በዚህ ይረፉ። እኔ ግን ስሰናበትዎም ቂም አለብኝ። የሚሉት አንድ ቃል ነበር፤ «ተሰንጥቋል»። አሁን ካሉበት የሚያፍሩት ባለመኪና የለምና፣ ሲጠየቁ እንዲያ ብለው ይመልሱ። ደህና ይሁኑ።