በግድግዳዬ ላይ ያሰመርኳቸው የእርሳስ ምልክቶች

ከቦሌ እስከ ላምበረት የሱቅ ማስታወቂያ በብሩሽ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የፊደል አጣጣልን ከቢራ ሳጥንና ከአውቶቡስ ጎን እያየሁ ለቀምኩት። ያለ ማስመሪያ የምስበውን መስመር ውኃ ልክ አምጥቶ የፈተነኝ ሁሉ አፍሮ ተመልሷል። የሰፈራችን እድር አዳራሽ ግንብ ላይ ያለው ስምም የእኔ ነው፤ አንዱ ፊደል ብቻ ግማሽ ቁመቴን ያክላል።

ዘንድሮ ቀለሙ ስለረገፈ የእድሩ ሊቀመንበር እንዳድሰው ጠየቀኝ። "ካልቻሉ ባነር እናሳትማለን" አለኝ።

"እኔ ቆሜ እየሄድኩ ፕላስቲክ ልትሰቅሉ?" ብዬ ሳቅኩበት። ቀኝ ክንዴ ከደረቴ በላይ እንደማይነሳ ግን አልነገርኩትም።

ሕመሙ ሲጀምረኝ የራሴ ሐኪም ሆኜ ክንዴን በነጠላ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሁለት ወር አሳረፍኩት። በመጨረሻ ልጄ ቦሌ ወዳለ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የምታክመኝ ወጣት ክንዴን ቀስ አድርጋ ስታነሳው ጥርሴን ነከስኩ።

"አባባ፣ ትከሻዎ ደርቋል። ማሰርዎ አባሰው።"

"ማረፍ ነውር ነው እንዴ?"

"ለእርስዎ ትከሻ አዎ።"

የቤት ሥራ ሰጠችኝ፦ ግድግዳ ፊት ቆሜ በጣቶቼ ቀስ በቀስ ወደ ላይ መውጣት፣ የደረስኩበትን በእርሳስ ማስመር፣ በየሳምንቱ ፎቶውን ማምጣት። ሰሚት ያለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ምልክቱ ከደረቴ አላለፈም። በሁለተኛውም እዚያው ነበር። እኔ ደግሞ ደካማ ሥራ ለሰው አሳይቼ አላውቅም። በሦስተኛው ሳምንት በእግሬ ጣቶች ቆምኩ። በአራተኛው በታመመው ቀኝ እጄ ፈንታ ጤነኛው ግራ እጄ ወጥቶ አሰመረልኝ። ምልክቶቹ ሲታዩ ያምሩ ነበር።

ወጣቷ ሐኪም ፎቶውን አየች። ክንዴን አንስታ በማዕዘን መለኪያዋ ለካችው።

"ግድግዳው ድኗል አባባ፤ እርስዎ ግን አልዳኑም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ይኼን አምኜ ጠንከር አድርጌ ብስበው ኖሮ እጎዳዎት ነበር።"



ቤቴ ገብቼ ምልክቶቹን በላጲስ አጠፋሁ። ተረከዜን መሬት ላይ አጣብቄ፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ በጣቶቼ ወጣሁ። አዲሱ መስመር አገጬ ጋ እንኳ አልደረሰም። ለእድሩ ስም ክንዴ ከራሴ በላይ መውጣት አለበት።

ሊቀመንበሩ ጋ ደወልኩ። "ትከሻዬ ታሟል፤ ባነሩን ተዉትና ጠብቁኝ" አልኩት።

"እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት። እስከ መቼ እንጠብቅ?"

ስልኩን በግራ እጄ ይዤ፣ መልሱን እንደሚነግረኝ ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለውን የእርሳስ መስመር አየሁት። እሱ "ሃሎ? ሃሎ?" ይላል።