የመካከለኛዋ ቤት ጎታ

በደርግ ጊዜ በተዘጋጀ አንድ መዝገብ ላይ ላሊበላ ከጎረቤቶቿ ከኩልመስክ፣ ከሙጃና ከብልባላ ሁሉ የተሻለ የቤተሰብ ገቢ ያላት ናት ተብሎ ተጽፏል። ይህ ስሕተት ነው። መዝገቡ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ አይጥ በልቶትም ይሆናል። ግን ሳይታረም ቀርቷልና ስሕተትነቱን እኔ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ጊዜው ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጥቂት ዓመታት ይቀድማል። ባሌ ሞቶ ሦስት ልጆች ይዤ ከከተማው ዳር እኖር ነበር። ከቤቴ ቁልቁል የገበሬ ማኅበሩ የሰጠኝ ቁራጭ መሬት ነበረችኝ። ያን ክረምት ለዘር ያስቀመጥሁትን ገብስ ለልጆቼ ስላበላሁት መሬቷ ጦሟን አደረች። በማኅበራችን ደንብ ሁለት ክረምት ጦሙን ያደረ መሬት ለሌላ ይሰጣል። እንግዲህ በሚመጣው ሰኔ የምዘራው ካላገኘሁ መሬቷ ሄደች ማለት ነው።

ኅዳር ላይ ከበላይ የተላከ ኮሚቴ መጣ። ለአራቱ ቦታዎች የዘር ገብስ ሊታደል ነው፣ የእያንዳንዱ ቦታ የቤተሰብ ገቢ ይታይና ዝቅ ካለው ይጀመራል፣ ተራው ሳይደርስ ካለቀ አለቀ አሉ። መዝጋቢዎች ቤት ለቤት ዞሩ። እኔንም ጠየቁኝ፤ ጌሾና በርበሬ ሸጬ የማገኘውን፣ ፈትሌን፣ አንድ ላሜን ሳይቀር ነገርኋቸው። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ ውጤቱ ተነበበ። አንደኛ ተረጂ ኩልመስክ፣ ቀጥሎ ሙጃ፣ ሦስተኛ ብልባላ፣ መጨረሻ ላሊበላ። ከጎኔ የተቀመጠችው የቄሱ ሚስት፣ ጎረቤቴ ናት፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሀብታም ሆነሻል» አለችኝ።

በማግሥቱ የኮሚቴው ጸሐፊ ዘንድ ሄድሁ። ወጣት ነው፣ የአገራችን ሰው አይደለም፣ ካፖርቱን አያወልቅም። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ወንበር ሰጠኝና እንዴት እንደተሠራ አስረዳኝ። የከተማውን ሰው ገቢ ሁሉ ይደምሩታል፣ ከዚያ ለቤቱ ቁጥር ያካፍሉታል፤ የሚደርሰው የአንድ ቤት ገቢ ይባላል። እንግዲህ በእኛ ከተማ ፈረንጅ የሚያሳድሩ ሁለት ሦስት ቤቶች አሉ። መስቀልና ሥዕል የሚሸጡ አሉ። ፈረንጅ እየመሩ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያስጎበኙ አሉ። የእነሱ ብር ከእኔ ጌሾ ጋር ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ ለእኔም ደርሶኛል።

«ጓድ፣ የደረሰኝን ገንዘብ የት ሄጄ ልቀበል?» አልሁት።

ሣቀ። ገንዘቡ እጅ ላይ የሚገባ ሳይሆን የሒሳብ ነው አለኝ። ለመሬቴ የሚያስፈልገኝ ግን የሒሳብ ገብስ አይደለም ብዬው ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው የእናቴ ሰንበቴ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ለሰንበቴው ድግስ ስንት እህል እንደሚዋጣ ሲወሰን፣ ሙሴ የሚባሉት የማኅበሩ አለቃ ሴቶቹን በተራ ያስቀምጧቸው ነበር። ጎታዋ ቀድሞ የሚራቆትባት ከበሩ አጠገብ፣ እህሏ የሚከርመው ወደ ውስጥ። ከዚያ ከዳር ያለችውንም ከውስጥ ያለችውንም ትተው እመሃል ላይ የተቀመጠችዋን፣ «አንቺ ስንት ትችያለሽ?» ይሏታል። እሷ ያለችው ለሁሉም ይጸናል። በዚህ የተጣላ ሰው አላየሁም።

ደግሞ ሌላ ነገር አውቃለሁ። በእኛ አገር ሴት ጎታዋ ውስጥ ስንት ቁና እንዳለ ለእናቷም አትናገርም፤ ቀረጥ አለ፣ ዓይን አለ። ጎታዋ እስከ የትኛው በዓል እንደሚያደርሳት ብትጠይቃት ግን ሳትደብቅ ትነግርሃለች፤ እንዲያውም ማማረሩን ትወደዋለች። ከፋሲካ ወዲያ ገበያ እገዛለሁ፣ ዘንድሮ ለሁዳዴ እንኳ አላደረሰኝም፣ ትላለች። ኮሚቴው ስለ ብርና ስለ ቁና ጠየቀ፤ የኩልመስክና የሙጃ ባለጎታዎችም ግማሹን ደበቁ። የላሊበላ ነጋዴ ግን ሱቁ መንገድ ዳር ነው፣ ምኑን ይደብቃል።

ገና ደረሰ። ለገና ከየአቅጣጫው ተሳላሚ በእግሩ ይጎርፋል፣ እኛ የከተማው ሰዎችም የእንግዳ እግር እናጥባለን። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው። ያን ዓመት ውኃና ገበቴዬን ይዤ ከመንገዱ አፍ ተቀመጥሁና ያጠብኋትን ሴት ሁሉ ከየት እንደመጣችና ጎታዋ እስከ መቼ እንደሚያደርሳት ጠየቅሁ። ማታ ማታ ያስተማሩንን ፊደል እየለቀምሁ በመሠረተ ትምህርት ደብተሬ ላይ አሰፈርሁ። የቄሱ ሚስት አጠገቤ ታጥብ ነበርና አላስቀመጠችኝም። «አንቺ ደግሞ የንስሐ አባት ሆነሽ አረፍሽው» አለች። አንዲት የኩልመስክ ሴትም እግሯን ከገበቴው ሳታወጣ፣ «ውኃሽ ይበርዳል እትዬ፣ ጥያቄሽ ደግሞ ይብሳል» ብላ አሣቀችን። ቢሆንም መለሰችልኝ። እግሩን ለሰው የሰጠ ሰው ለመዋሸት አይመቸውም።

ከየቦታው ሃያ አንድ ሃያ አንድ ሴት ያዝሁ። ከእኛም ከተማ ሃያ አንድ ቤት፣ ከየሰፈሩ። እዚህ ላይ ማንም እንዳያማኝ ፈረንጅ የምታሳድረውንም መስቀል የምትሸጠውንም አስገባኋቸው። እንደ ሰንበቴው በተራ ደረደርኋቸው። አሥሩ ከወዲህ፣ አሥሩ ከወዲያ፣ መሃል ላይ የቀረችው አንዷ የቦታው ቤት ናት። ሀብታሞቹ መጨረሻ ላይ ተቀመጡ፤ የመሃሏን ሴት ግን ከቦታዋ አላነቃነቋትም። ሀብታቸው እጥፍ ቢሆን እንኳ እሷ ያው እሷ ናት። ይህን ሳይ ብቻዬን ሣቅሁ።

የኩልመስኳ መካከለኛ ሴት እስከ ሰኔ ሚካኤል ትደርሳለች። የሙጃዋ ግንቦት ልደታ። የብልባላዋ ፋሲካ። የእኛዋ ግን ሁዳዴ ሲገባ ጎታዋ ባዶ ነው። እንግዲህ ከአራቱ ቀድማ ዘር ማግኘት ያለባት ላሊበላ ናት።

ጥምቀት እንዳለፈ ደብተሬን ይዤ ለጸሐፊው አሳየሁት። ካፖርቱን እንደለበሰ ረጅም ጊዜ አገላበጠው፣ ጽሕፈቴንም አመሰገነ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«እናቴ፣ ለገና የሚመጣው ማን ነው? ቤቱን ትቶ ስንቅ ይዞ ለመውጣት የቻለ ሰው አይደለም?»

የኩልመስክና የሙጃ ሰው ቀን ሙሉ ተጉዞ፣ አድሮ ነው የሚመጣው፤ ስንቅ የሌላት ሴት እዚያው ትቀራለች። ብልባላ ቅርብ ናት፤ ግን ከብልባላም ቢሆን የመጡት እነማን እንደሆኑ እግራቸውን ሳጥብ አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ ጫማ ነበራቸው። የእኛን ሴቶች የጠየቅኋቸው በየቤታቸው ነው፣ እንግዶቹን ግን በመንገድ። አንዱን በአንድ ሚዛን፣ ሌላውን በሌላ ሚዛን መዝኛለሁ። እሱን በልቤ የከሰስሁበትን ነገር እኔው ሠራሁት።

የቄሱ ሚስት ሰምታ፣ ተይው አለችኝ። ጸሐፊው አመነም አላመነም ደብተሩ እጁ ላይ ነው፣ ምናልባት ይቀበለዋል፣ ደግሞ ሄደሽ ብትቆፍሪ ለራስሽ የሚጠቅም ነገር አታገኚም። ይህን ስትለኝ ትክክል እንደሆነች አውቅ ነበር። መሬቴ ትታየኝ ነበር። ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ጠዋት ልጆቼን ለእሷ ትቼ ወደ ብልባላ ወጣሁ።

እዚያ ሁለት ቀን ቆየሁ። ገበያ ላይ ብቻ ሳይሆን ቤት ለቤት ሄድሁ። ለገና ያልመጡትን አገኘኋቸው። አንዲቱ ጎታዋን ከፍታ አሳየችኝ፤ ዶሮ እንቁላል ጥላበት ነበር። «ይኸው፣ ቤቱ ጦሙን አላደረም» አለች። ሃያ አንዱን እንደገና ስደረድር የብልባላዋ መካከለኛ ሴት ከፋሲካ ወርዳ ጥምቀት ላይ ቆመች። ከእኛዋ በታች። የኩልመስክንና የሙጃን በማምናቸው ነጋዴዎች አስጠየቅሁ፤ ጥቂት ዝቅ አሉ እንጂ ከእኛ በታች አልወረዱም።

እንግዲህ ተራው ብልባላ፣ ከዚያ እኛ፣ ከዚያ ሙጃ፣ ከዚያ ኩልመስክ ሆነ።

አዲሱን ገጽ ለጸሐፊው ስሰጠው ቀና ብሎ አየኝ። የብልባላን እንዳላየ ሆኜ ባልፈው ኖሮ እኛ አንደኛ እንደምንሆን አውቄ እንደሆነ ጠየቀኝ። አውቄ ነው አልሁት። መሬት እንዳለኝ ጠየቀ፣ ነገርሁት። ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ ከገጹ ላይ መገልበጥ ጀመረ።

ሰኔ ላይ ዘሩ መጣ። በአዲሱ ተራ ታደለ። ብልባላ ቀድማ ወሰደች፣ በደንብም ወሰደች። ለእኛ ሲደርስ የቀረው ለየቤቱ የታሰበውን ያህል አልነበረም፤ ለሙጃ ጥቂት፣ ለኩልመስክ ምንም አልተረፈም። ለእኔ የደረሰኝ ገብስ የመሬቴን ግማሽ ዘራ። ሌላውን ግማሽ ማኅበሩ ለክቶ አዲስ ላገባ አንድ ጎረምሳ ሰጠው። ደንቡ ነው፤ አልተከራከርሁም። የቄሱ ሚስት ግን ያን ዓመት ሙሉ ከብልባላ ሰው ሲመጣ ባየች ቁጥር፣ «ሂጂ ተቀበይው፣ በመሬትሽ የገዛሽው ዘመድ ነው» እያለች አቃጠለችኝ። በቀረችኝ ግማሽ መሬት ላይ እስከ ሰባ ሰባት አረስሁ።

አንድ ነገር ግን ልቤን አላሳረፈውም። ዘሩ ከታደለ በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁ። የፊተኛው ነበር። ላሊበላ፣ ከአራቱ የተሻለ ገቢ ያላት፣ ይላል። አሁን ማንበብ ስለምችል ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ገብቼ ይታረም አልሁ፤ ጸሐፊው የለም ተባልሁ። በሳምንቱ ሄድሁ፤ ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። በሦስተኛው አገኘሁት። ወረቀቱ እንደዚያው ወደ በላይ መሄዱን፣ ነገ ሌላ ነገር ሲታደል በእሱ እንደሚመሩ፣ ልጆቼም የሀብታም ልጆች ተብለው እንደሚቀሩ ነገርሁት። ዘሩን በእኔ ደብተር ካደልህ መዝገቡንም በእኔ ደብተር ጻፈው አልሁት። በዚያን ጊዜ ጓድ ማለቱን ትቼ ልጄ ብዬዋለሁ።

ወረቀቱን ከግድግዳው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ጣቱን በዓምዶቹ ላይ አንድ በአንድ አስኬደ። የቤት ቁጥር፣ ጠቅላላ ገቢ፣ የአንድ ቤት ድርሻ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ፤ ያገኘሁት መልስ ግን ያን ቀን እሱ የሰጠኝ ብቻ ነው።

«እናቴ፣ እውነትዎን ነው። ቅጹ ላይ ግን የመካከለኛዋ ቤት የሚጻፍበት ቦታ የለም።»